ጠበሉም ኪኒኑም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ በየጠበሉ ቦታ የማየው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። በሽታው ይነገራል፤ በእንባም በምስክርነትም በሕዝብ ፊት ይወጣል። የሚደበቀው መድኃኒቱ ነው። አንዷ ኪኒኗን በመቀነቷ ትቋጥራለች፤ ሌላው ከበሶው ዱቄት ሥር ይቀብራል፤ አብሮት የሚያድረው ጠበልተኛ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቆ በጨለማ የሚውጥም አለ። እነዚህ ሰዎች መድኃኒቱ ይጎዳናል ብለው አይደለም የሚሸሸጉት። «እምነትህ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልያዝክ ነበር» መባልን ፈርተው ነው።

ሃይማኖትና ሳይንስ ይስማማሉ ወይስ ይጣላሉ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ብዙዎቻችን ሩቅ አገር እንሄዳለን። ጋሊሊዮ በ1633 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የቀረበበትን ችሎት እንጠቅሳለን፤ ስለ ዳርዊን እንከራከራለን። ክርክሩ አይጠላም። ነገር ግን በእኛ አገር በዚህ ጥያቄ የተነሳ ሰው የሚሞትበትና የሚተርፍበት ቦታ ሌላ ነው። ነገሩ የሚወሰነው በጠበል ደጃፍ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጀሪካን ይዛ በተሰለፈች እናትና ከፊቷ በቆመው ሰው መካከል ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጠበል ያየሁትን ልናገር። ብርዱ ገና አልለቀቀም። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ እናቱን ተደግፎ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ግንባሩ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ የቀኝ እጁ ጀርባ በእሳት ተቃጥሎ የዳነ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ያሳደገ ሰው እነዚህን ጠባሳዎች አይቶ ይለያቸዋል፤ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ ሌላው ምድጃ ላይ የወደቀበት ነው። እናቲቱ ከጉያዋ ትንሽ ፌስታል አወጣች። ውስጡ ነጫጭ ኪኒኖች አሉ። ረጅም መቁጠሪያ ያጠለቀ፣ ክህነት ሳይኖረው ሰልፉን የሚያስተናግድ ሰው አየባት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የልጄ መድኃኒት ነው አባቴ። ጠዋትና ማታ ይወስዳል።»

«ከሁለት አንዱን ምረጪ እህቴ። ኪኒን እየዋጠ የሚጠመቅ ጠበሉን ተጠራጥሯል ማለት ነው። ጣይው።»

እናቲቱ ፌስታሉን እንደ ጨበጠች ቀረች። በዚህ መሐል አንድ አዛውንት ቄስ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ከማጥመቂያው ወጡ። ነገሩን ሰምተውት ኖሯል። «ልጄ፣ ኪኒኑን በሰዓቱ ስጪው» አሏት። «ጠበል ኪኒን አይጠላም። ሐኪሙ ሳያዝ አንዲትም እንዳታጎድይበት።» ወደ ሰውየው ዞረውም፣ «አንተስ፣ ዛሬ ማታ ልጁ ቢወድቅ አብረኸው ታድራለህ?» አሉት። ሰውየው ዝም አለ።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በቄሱ ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል። «ጣይው» የሚለው ሰው ማታ የለም። ልጁ አረፋ ደፍቆ ሲንፈራገጥ የምታነሳው እናቱ ናት። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚላላኩበት የኤሌክትሪክ ምልክት ሥርዓቱን ሲስት የሚመጣ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን መድኃኒት በተከታታይ የሚወስዱ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱ ታማሚዎች ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። እንደ ፌኖባርቢታል ያለው መድኃኒት ዋጋው ርካሽ ነው፤ በየጤና ጣቢያው የታወቀ ነው። ነገር ግን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያባራ ሌላው ይተካል፤ ታማሚው ራሱን ሳያውቅ ሊሞትም ይችላል። በውኃ ዳር ወይም በገደል አፋፍ ለቆመ ልጅ ደግሞ አንዲት ውድቀት ትበቃለች።

ይህ ልጅ ጋኔን አለበት የሚሉ ሰዎች ወንጌልን ይጠቅሳሉ። እኔም ወደ ወንጌል ልሂድ። በማቴዎስ ምዕራፍ 17 ወደ እሳትና ወደ ውኃ ይወድቅ የነበረ፣ ጌታም ጋኔኑን ገሥጾ ያዳነው ልጅ ታሪክ አለ። ይህን የሚክድ አማኝ የለም። ይኸው ወንጌላዊ በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲዘረዝር ግን አጋንንት ያደሩባቸውን ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሳባቸውን ለብቻ፣ ሽባዎቹን ለብቻ ነው የጠራው። የወደቀ ሁሉ ጋኔን አለበት ማለት እንግዲህ ከወንጌሉ አልፎ መናገር ነው።

በኤችአይቪ የደረሰውንም እናስታውስ። በሽታው በአገራችን በ1970ዎቹ ማብቂያ መታየት ከጀመረ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሐኪም ቤት ለታማሚው የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን ዘመድ የሸሸውን፣ አከራይ ያስወጣውን፣ ጎረቤት ዕቃ የለየበትን ሰው የተቀበለው ጠበል ነው። በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ብዙ ሕሙማን ቤት ተከራይተው፣ ያልቻሉትም የላስቲክ መጠለያ ቀልሰው ከርመዋል። አንዱ የሌላውን ጀሪካን ተሸክሞ፣ ጠንከር ያለው የደከመውን አዝሎ ወደ ጠበሉ ይወርድ ነበር። ያን ውለታ የሚረሳ ሐኪምም ሆነ ጋዜጠኛ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ሞት የተፈረደበት ሰው ሠርቶ የሚያድርበት፣ ልጅ ወልዶ የሚስምበት ዘመን መጣ። ወዲያውም ከጠበሉና ከኪኒኑ አንዱን ምረጥ የሚለው ድምፅ ተነሳ። ነገሩ የሰው ሕይወት እየበላ በመሄዱ ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በአደባባይ አስተማሩ። ከዚህ በላይ ግልጽ ቃል ከወዴት ይምጣ? ያ ቃል ከተነገረ ሃያ ዓመት ሊሞላው እየተቃረበ ነው። በየጠበሉ ሰልፍ ላይ የሚሰማው ግን ዛሬም የፓትርያርኩ ቃል ሳይሆን የመቁጠሪያ ባለቤቱ ሰው ቃል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበትን ነገር ልግለጽ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት ነቅሎ አያወጣም፤ እንዳይራባ ያግደዋል። ኪኒኑን በየቀኑ በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ደሙ ሲመረመር ቫይረሱ በመሣሪያ ከማይታይበት ደረጃ ይወርዳል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ በዚያ ደረጃ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ነገር ግን ቫይረሱ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል። አንዲት ታማሚ ኪኒኗን ስትወስድ ከርማ፣ ጠበል ተጠምቃ ተመለሰች እንበል። ተመርምራ «አይታይም» ተባለች። «ድነሻል ተብያለሁ» ብላ ኪኒኑን ጣለች። ከወራት በኋላ ስትታመም ደግሞ «እምነቷ ቀዝቅዞ ነው» ይባልባታል። በሽታው ይጎዳታል፤ በዚያ ላይ ነቀፋው ይጨመርባታል። መድኃኒቱን እያቋረጠች ስትጀምር ቫይረሱ ኪኒኑን ሊለምደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ይመጣል።

ታዲያ ኪኒን መዋጥ የእምነት ጉድለት ነው የሚለው ትምህርት ከየት መጣ? ከመጽሐፍ ነው እንዳንል መጽሐፉ ሌላ ይናገራል። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ብሎ ያስተምራል። የታመመ ሰው እንዲጸልይ ያዝዛል፤ ቀጥሎም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ያዝዛል። ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማ፣ አሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት። ይሁንና ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ ሲያበቃ በለሱ ለምን አስፈለገ ብሎ የተከራከረ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም ሥራቸው ይመሰክራል። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ በነበረበት በአራተኛው መቶ ዓመት ለድኾችና ለሕሙማን ታላቅ መጠለያና ሕክምና ቤት አቋቁሟል። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓትም ስለ ሕክምና ተጠይቆ በሰፊው መልሷል። መልሱን ባጭሩ ስናስቀምጠው፣ ሕክምና እንደ እርሻ ሙያ ለሰው ልጅ ድካም መርጃ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ ገበሬ ሞፈሩን ጨብጦ ፍሬውን ከእግዚአብሔር እንደሚለምን ታማሚም ሐኪሙን ጠርቶ ተስፋውን በአምላኩ ላይ ያደርጋል። ባስልዮስ በሁለቱም ወገን ያስጠነቅቃል፤ ሕክምናን ጨርሶ መሸሽም፣ ተስፋን ሁሉ በሕክምና ላይ መጣልም ለእርሱ ስሕተት ነው። ሞፈሩን የሰበረ ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለትም አያጭድም።

የእኛዋ ቤተ ክርስቲያንም በዕውቀት ስትገለገል ኖራለች። በዓላቷን የምታወጣው በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት በ19 ዓመቱ ንዑስ ቀመርና በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ቆጥራ ነው። የሥሩንና የቅጠሉን መድኃኒት በብራና ጽፈው ያቆዩልንም በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ ቅዱስ ሲኖዶስ የምእመናኑን ጉባኤ ገድቦ፣ ሕዝቡ የሕማማቱን ሳምንትና የትንሣኤውን ሌሊት በየቤቱ ሆኖ እንዲጸልይ አድርጓል። በጤና ባለሙያ ምክር መታዘዝ ኑፋቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ ግን የለምጻሞቹ ታሪክ ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 17 አሥር ለምጻሞች ወደ ጌታ ጮኹ። እርሱም ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ አዘዛቸው። በኦሪት ሕግ የካህኑ ሥራ ምን ነበር? ዘሌዋውያንን የከፈተ ሰው ያገኘዋል፤ ቆዳውን ይመረምራል፣ የጸጉሩን መልክ ያያል፣ ሰባት ቀን ለይቶ አቆይቶ እንደገና ይመረምራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ንጹሕ ነው የሚለው። ተአምሩን ያደረገው ጌታ ራሱ ዳኑ የተባሉት ሰዎች በመርማሪ እንዲታዩ ካደረገ፣ እኛ ዳንሁ የሚለውን ሰው ወደ መርማሪ ብንልከው ጌታን ማክበራችን ነው። ከእግዚአብሔር የሆነ ፈውስ ምርመራ አይፈራም። «ድነሃል፤ እንዳትመረመር» የሚል ሰው ግን የሚፈራው አንድ ነገር አለ።

ሌላም አለ። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ባለው ጊዜ የጠቀሰው የመዝሙርን ቃል ነው። ጌታ ግን ራሱን አልወረወረም፤ አምላክን መፈታተን አይገባም ብሎ መለሰ። እግዚአብሔር ያድነኝ እንደሆነ ልይ ብሎ ኢንሱሊኑን የጣለ የስኳር ታማሚ በዚያው ጫፍ ላይ የቆመ ነው። ሰውነቱ ጨርሶ ኢንሱሊን ለማያመርት ታማሚ ይህ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው፤ ደሙ አሲድ እየሆነ ራሱን ይስታል። ጣለው ብሎ የመከረውም ሰው ጥቅስ ስለጠቀሰ ብቻ ምክሩ ትክክል አይሆንም።

በዚህ ነገር ሐኪም ቤቱም ድርሻ አለው። «ጠበል ሄጃለሁ» ያለችውን ታማሚ በተራው ሰው ፊት የሚቆጣ፣ ፊቱን የሚያጠቁር ባለሙያ አለ። እርሷ በሚቀጥለው ቀጠሮ ትዋሻለች፤ ከዚያም ጨርሳ ትቀራለች። ጠበሉ የሚሰጣትን እርሱ አይሰጣትም፤ በስሟ የሚጠራት፣ እጁን በራሷ ላይ ጭኖ የሚጸልይላት፣ ከእርሷ የባሰ ሕመምተኛ አይታ የምትጽናናበት ቦታ አላት። ብልህ ሐኪም «መቼ ነው የምትሄጂው? ስንት ሱባኤ ትቆያለሽ? መድኃኒትሽ ይበቃሻል?» ብሎ ይጠይቃታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሕመማቸው የተረጋጋ የኤችአይቪ ታማሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ጻድቃኔ ማርያም ሄዳ የምትከርም ሴት አንድም ኪኒን የምታጎድልበት ምክንያት የለም።

ይህ የአንድ ቤተ እምነት ብቻ ጣጣ አይደለም። በአንዳንድ የፈውስ ጉባኤዎችም መድኃኒቱን መድረክ ላይ የሚያስጥል አገልጋይ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ እምነትና ሕክምና በአንድ እጅ የሠሩበትን በዓይናችን አይተናል። በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጡት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን ክርስቲያናዊ እምነታቸው ለሥራቸው መነሻ እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል። ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ከ60 ሺህ በላይ እናቶችን አክሟል። እነዚህ ሰዎች ጸሎታቸውን ከቀዶ ሕክምና መሣሪያቸው ጋር አላጣሉም።

የዘመኑ ቴክኖሎጂ ያመጣውን ሌላ ፈተና ሳላነሳ አላልፍም። ዛሬ በብዙ ጠበል ቦታና በብዙ አዳራሽ ስልክ ተደቅኗል። አንዲት ሴት ራሷን ሳታውቅ ትጮኻለች፣ ልብሷ ይገለጣል፣ የቤተሰቧን ምስጢር ትናገራለች፤ ይህ ሁሉ ተቀርጾ በዩቲዩብና በቲክቶክ ይለቀቃል። በንስሐ የሰማውን ቢያወጣ በክህነቱ የሚጠየቅ ካህን በቆመበት ቦታ የታማሚን ምስጢር ለዓለም ማሳየት እንዴት ተፈቀደ? ነገ ተሽሏት ሥራ ስትፈልግ፣ ትዳር ስትይዝ ያ ምስል ከፊቷ ይቀድማል። ደግሞም ስልኩ የሚገኘው በእልልታው ቀን ነው። «ዳንሁ» ያለው ሰው ከስድስት ወር በኋላ እንዴት እንዳለ ሊቀርጽ የሚመለስ የለም። ሕዝቡ እልልታውን ብቻ አይቶ ኪኒኑን ይጥላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲስ ትምህርት መፈልሰፍ አያስፈልግም፤ ያለው ትምህርት ታማሚው ከቆመበት ቦታ ይድረስ። በየጠበሉ ዘወትር ማለዳ፣ ጥምቀቱ ሳይጀመር፣ «ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት እንዳታቋርጡ፤ ዳንን የምትሉ ተመርመሩ» የሚል ቃል በካህን አንደበት በድምፅ ማጉያ ይነገር። የደብሩ አስተዳደር ክህነትም ፈቃድም የሌለውን ሰው በሕሙማን ላይ እንዳይሠለጥን ይከልክል። ቀረጻ ይቁም። በተጨናነቀ ማደሪያ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው ካለ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ያ በሽታ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን፣ ችላ ሲባል ግን አብረው ያደሩትን የሚያዳርስ ነው። ንስሐ አባቶችም ለታመመ ሰው ከጾም የሚሰጠውን ፈቃድ ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድ ያለበት ታማሚ ጾም ፈታሁ ብሎ ኅሊናው አይቁሰል።

የቤተሰብም ድርሻ አለ። ጠበል የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ስንቁን ሲያዘጋጅለት ኪኒኑንም ቆጥሮ ያስይዘው፤ ስልክ ሲደውልለትም «ተጠመቅህ?» ባለበት አፉ «መድኃኒትህንስ ወሰድህ?» ይበለው። ጎረቤቱ ኪኒን ሲውጥ ያየ ጠበልተኛም ከመፍረድ ይልቅ ውኃ ያቀብለው። የእግዚአብሔርን እጅ በጠበሉ ብቻ የሚያይ ሰው፣ በተመራማሪው ድካም፣ በነርሷ ትዕግሥትና በዚያች ትንሽ ኪኒን ውስጥ የሠራውን ያንኑ እጅ አላየም። ካህናቱ ይህን በየማለዳው ቢናገሩ ከሰልፉ ውስጥ ብዙ ሰው በሕይወት ይተርፋል፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ክህነት የሌለው ሰው በእነርሱ ፈንታ መናገሩን ይቀጥላል።